ወደ እግር ለሚወርድ የወገብ ህመም "ተኝታችሁ ጠብቁ" አትበሉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁለት ሳምንት በፊት በጤና ገጻችሁ ላይ ስለ ወገብ ህመም አጭር ምክር አውጥታችሁ ነበር። ጎረቤቴ ገጹን ቆርጣ "ያንቺ ነገር ወጥቷል" ብላ አመጣችልኝ። ብዙው ጥሩ ምክር ነው። አንድ መስመር ላይ ስደርስ ግን ደነገጥኩ። ህመሙ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ እስኪለቅ ድረስ ከአልጋ አለመነሳት ይመከራል ይላል። ይህንኑ ምክር እኔም ከዘመድ ሰምቼ 19 ቀን ተኝቻለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሐኪም አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ 48 ነው። ከዚህ ውስጥ 26ቱን ዓመት ያሳለፍኩት ስፌት መኪና ላይ ነው። የምጽፈው በራሴ እግር ያየሁትን እና ያከመችኝ የፊዚዮቴራፒ (በሰውነት እንቅስቃሴ የማከም) ባለሙያ ያስረዳችኝን ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። በማግስቱ የሚረከብ የደንብ ልብስ ነበረብኝ። ከምሳ በኋላ አራት ሰዓት ያህል ሳልነሳ ሰፋሁ። ቀኝ እግሬ ፔዳሉ ላይ፣ ጀርባዬ ጎብጦ፣ ዓይኔ መርፌው ላይ። ከዚያ አንድ ጥቅል ክር ወለሉ ላይ ወደቀ። ከወንበሩ ሳልነሳ ወደ ቀኝ ተጠማዝዤ ጎንበስ አልኩና አነሳሁት። ቀና ስል ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ያን ቀን ወገቤን ያዝ አደረገኝ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ግን ከአልጋ ለመነሳት ስሞክር ጮህኩ።

ህመሙ ከቀኝ መቀመጫዬ መሐል ይነሳል። በጭኔ ጀርባ ይወርድና ባቴን በውጭ በኩል አልፎ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ ድረስ ይነዝረኛል። ልክ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው። ትንሿ ጣቴና የውስጥ እግሬ የውጭው ጠርዝ ደንዝዘዋል። ወገቤ ግን ያን ያህል አያመኝም። ግራ ያጋባኝ ይህ ነው። የታመመው እግሬ መስሎኝ ባቴን ነበር ቀኑን ሙሉ የማሸው። ሳስነጥስ ደግሞ ነፍሴ የምትወጣ ይመስለኝ ነበር። ማስነጠሱ ሲመጣ አፍንጫዬን ይዤ እጸልያለሁ።

ከዚያ ሁሉም ሰው "ተኚ" አለኝ። በፍቅር ነው ያሉኝ። ባለቤቴ ምግብ አልጋዬ ድረስ ያመጣል። ልጄ ካልሲ ታለብሰኛለች። እኔ ተኝቼ ጣሪያ አያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እውነትም ቀለል ብሎኝ ነበር። ከአራተኛው ቀን በኋላ ግን መገላበጥ ራሱ መከራ ሆነ። ሆዴ ደረቀ። ሽንት ቤት ስቀመጥና ሳምጥ ህመሙ እስከ ጣቴ ይተኩሳል። ያንን ስለፈራሁ መብላት ቀነስኩ። በ15ኛው ቀን ሁለቱን እግሮቼን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው የቀኙ ባት ሰልሏል። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሽባ ልሆን ነው ብዬ አሰብኩ። ይህን ፍርሃት የማያውቅ ሰው "ትንሽ የወገብ ህመም ነው" ሊል ይችላል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብቻዬን ስነቃ ትንሽ አልነበረም።

በ19ኛው ቀን ባለቤቴ ደግፎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ወሰደኝ። ባለሙያዋ በዕድሜ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት። ገና ሳልቀመጥ "ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ? ሲታጠቡ እግርዎ መሐል ያለው ቦታ ይሰማዎታል?" አለችኝ። እኔ እግሬን አመመኝ ብዬ መጥቼ ምን ነካት ብዬ ነበር። ለምን እንደጠየቀችኝ ኋላ ላይ ነው የገባኝ። እመለስበታለሁ።

ከዚያ በእግር ጣቶቼ ጫፍ አቆመችኝ። በግራ እግሬ አሥር ጊዜ ከፍ ዝቅ አልኩ። በቀኙ አራተኛው ላይ ዛለብኝ። በተረከዜ እንድራመድ አደረገችኝ፤ ያንን ቻልኩ። በጀርባዬ አስተኝታ ጉልበቴን ሳታጥፍ ቀኝ እግሬን ቀስ አድርጋ ስታነሳው 40 ዲግሪ ሳይሞላ ጮህኩ። "የሳያቲክ ነርቭ ነው" አለች። ወረቀት አውጥታም ሳለችልኝ።

በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ነርቮች ሁሉ ረጅሙና ወፍራሙ ይህ ነው። ወፍራም በሆነበት ቦታ የአውራ ጣት ያህል ይሆናል። ከታችኛው ወገብና ከዚያ በታች ካለው አጥንት መሐል የሚወጡ አምስት ሥሮች ተገናኝተው ይሠሩታል። በመቀመጫ ጡንቻ ሥር አልፎ፣ በጭን ጀርባ ወርዶ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ቅርንጫፎቹ እስከ እግር ጣት ይደርሳሉ። ስለዚህ ችግሩ ወገብ ላይ ሆኖ ጩኸቱ እግር ላይ ይሰማል። በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ዲስክ የሚባለው ትራስ ውጩ ጠንካራ፣ ውስጡ እንደ ጄሊ ነው። ውጩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሾልኮ ይወጣና የነርቩን ሥር ይነካል። ይጫነዋል፤ ደግሞም ይቆጠቁጠዋል፣ ያስቆጣዋል። በብዛት የሚሆነው ወገብ ላይ ባሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች ነው። ዊልያም ሚክስተር እና ጆሴፍ ባር የሚባሉ አሜሪካውያን ቀዶ ሐኪሞች ይህን አሳይተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ከዚያ በፊት ለዘመናት ሰው ሁሉ እንደ እኔ እግሩን ነበር የሚያሸው ማለት ነው።

ልቤን ያሳረፈው ግን ቀጥላ ያለችኝ ነው። ሾልኮ የወጣውን ነገር ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይበላዋል አለችኝ። የደም ሕዋሳት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥረው ያጸዱታል። ይሟሽሻል። ብዙ ሰው በ6 እና በ12 ሳምንት መሐል ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። "ታዲያ እስኪሟሽሽ ልተኛ?" አልኳት። "አይሆንም" አለች። እ.ኤ.አ. በ1999 በኔዘርላንድስ የተሠራ ጥናት ነገረችኝ። 183 ህመምተኞችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ሁለት ሳምንት ተኙ። ግማሾቹ እንደቻሉ ሲንቀሳቀሱ ሰነበቱ። ከ12 ሳምንት በኋላ ከሁለቱም ወገን የተሻላቸው 87 ከመቶ ነበሩ። መተኛቱ ምንም አልጨመረም። እኔ የጨመረልኝ የደረቀ ሆድና የሰለለ ባት ነው። ክቡር አዘጋጅ፣ ያ መስመራችሁ ያስቆጣኝ ለዚህ ነው። ጥናቱ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው።

አሁን ቤት ውስጥ ወዳደረግሁት ልምጣ። አንባቢዎቻችሁ የሚፈልጉት ይህን ነው።

መጀመሪያ የተማርኩት ከአልጋ መነሳት ነው። እኔ በጀርባዬ ተኝቼ እንደ መቀስ እጥፍ ብዬ ነበር የምነሳው። እሷ ጉልበቶቼን አጥፌ ሰውነቴን በሙሉ እንደ ግንድ ወደ ጎን እንዳንከባልል አሳየችኝ። ከዚያ ሁለቱ እግሮች ከአልጋው ሲወርዱ በእጅና በክርን ፍራሹን ገፋ ማድረግ። ወገብ አይታጠፍም፣ አይጠማዘዝም። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ሞክሬ በሦስተኛው ሳልጮህ ተነሳሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ነበር። ምንም አላለም፣ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ሁለተኛው የተማርኩት ስለ ጠዋት ነው። ሌሊት ስንተኛ ዲስኮች ውኃ ይጠጣሉ፣ ይነፋሉ። ጠዋት ቁመታችን ከማታው አንድ ሁለት ሳንቲሜትር የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው። የተነፋ ዲስክ ሲጎብጡበት ይበልጥ ይጨነቃል። ስለዚህ ከእንቅልፍ በተነሳሁ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ወገቤን አላጎብጥም። ፊቴን ስታጠብ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ በአንድ እጄ መታጠቢያውን እደገፋለሁ። ካልሲ የማደርገው በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን ወደ ደረቴ አምጥቼ ነበር፤ እሱም ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ላይ ልጄ ናት ያደረገችልኝ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለእኔ ግን ከክኒኑ ሁሉ የበለጠ የጠቀመችኝ ይህች የጠዋት ሰዓት ናት።

ህመሙ ሲብስ የማርፍበት አቀማመጥ ነበረኝ። ወለል ላይ ወፈር ያለ ምንጣፍ አነጥፌ በጀርባዬ እተኛለሁ። ባቶቼን ወንበር ላይ እሰቅላለሁ። ዳሌና ጉልበቴ ሁለቱም በ90 ዲግሪ ይታጠፋሉ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ወገቤ ወለሉ ላይ ሲለቀቅ ይሰማኛል። ግን ለማረፍ ብቻ ነው፤ እዚያው መዋል የለም። ሌሊት ደግሞ በግራ ጎኔ ተኝቼ በጉልበቶቼ መሐል ትራስ አደርጋለሁ። ትራሱ እስከ ቁርጭምጭሚት መድረስ አለበት፤ አለዚያ የላይኛው እግር ወደ ታች ይወርድና ዳሌን ይጠመዝዛል።

ከዚያ በሆድ መተኛት መጣ። ስትነግረኝ አላመንኳትም። ሁለት ሦስት ደቂቃ በሆዴ ዝም ብዬ መተኛት። ከዚያ በክርኔ ተደግፌ ደረቴን ቀና ማድረግ። ከቀናት በኋላ በመዳፌ እየገፋሁ ደረቴን ማንሳት፣ ዳሌ ወለሉ ላይ እንደተኛ። አሥር ጊዜ፣ በቀን አምስት ስድስት ዙር። ይህን ዘዴ ያስፋፋው ሮቢን ማኬንዚ የሚባል የኒውዚላንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 እግሩን የሚያመው አንድ ታካሚ ራስጌው ቀና ባለ አልጋ ላይ ሳያስበው በሆዱ ተኝቶ ቆየ። ሲያገኘው የእግሩ ህመም ጠፍቶ ነበር። ነገሩ ከዚያ ጀመረ።

የኔን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ቀን በክርኔ ተደግፌ ሳለሁ ከባቴ በታች ያለው ንዝረት ቀስ እያለ ሲጠፋ ተሰማኝ። መጀመሪያ ጣቴ ለቀቀ። ከዚያ ባቴ። ግን ወገቤና መቀመጫዬ በአንዴ ጠዘጠዙኝ። ከበፊቱ ባሰ! ባሰብኝ ብዬ ደነገጥኩና ደወልኩላት። "ህመሙ አሁን የት ነው? በጣትዎ እያሳዩ ይንገሩኝ" አለችኝ። "መቀመጫዬ ላይ፣ ወደ ወገቤ ጠጋ ብሎ" አልኳት። በስልክ ስትስቅ ሰማኋት፤ የደስታ ሳቅ። ህመሙ ከእግር ለቆ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ጥሩ ምልክት ነው፣ ወገብ ቢብስም። ከወገብ ወደ እግር ከወረደ ግን ያን እንቅስቃሴ ወዲያው ማቆም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ስንት አመመኝ?" ማለት ትቼ "የት ድረስ አመመኝ?" እያልኩ ነው ራሴን የምጠይቀው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይም እጽፍ ነበር፦ ጣት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ጉልበት፣ ጭን፣ መቀመጫ። ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩ ላይ ወደ ላይ እየወጣ ነበር።

ይህን ስጽፍ ሁሉም ሰው በሆዱ ይተኛ እንዳልል ባለሙያዋ አስጠንቅቃኛለች። ዕድሜያቸው የገፋ፣ የነርቩ መተላለፊያ ራሱ የጠበበባቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ሲቆሙና ወደ ኋላ ሲለጠጡ ይብስባቸዋል፣ ጎንበስ ሲሉ ወይም ሲቀመጡ ይቀልላቸዋል። ለእነሱ የእኔ መድኃኒት ህመም ነው። አንዳንዱም ላይ ነርቩን የሚይዘው የመቀመጫ ጡንቻ ነው፤ በኋላ ኪሱ ወፍራም ቦርሳ ይዞ ሲቀመጥ የሚውል ሰው ቢያወጣው ይጠቀማል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በባለሙያ መታየት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቤት ሥራ ነው።

መራመድ ጀመርኩ። ከመኝታ ቤት እስከ ውጭው በር፣ አምስት ደቂቃ፣ በየሁለት ሰዓቱ። በመጀመሪያው ቀን ግድግዳ እየያዝኩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት 20 ደቂቃ ደረስኩ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ህመሙ ወደ ታች ካልወረደ ቀጥል፣ ከወረደ ቀንስ። ትንሽ ቢያምም ነርቩ እየተጎዳ ነው ማለት አይደለም ብላኛለች። ያንን ማመን ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ስለ ማሳሳብ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ራሱን ሲጎዳ አይቻለሁ። እግርን ቀጥ አድርጎ ጣትን ለመንካት መጎተት። እኔም አድርጌዋለሁ፤ በማግስቱ አልጋ ላይ ቀረሁ። ነርቩ እንደ ጡንቻ አይደለም። በልብስ ሰፊ ቋንቋ ልንገራችሁ። የሱሪ ወገብ ውስጥ የምናስገባው ማሰሪያ አለ አይደል? ስፌቱ ውስጥ አንድ ቦታ ሲያዝ በኃይል ከጎተታችሁት ይበጠሳል ወይም ጨርቁን ይቀዳል። ወዲያ ወዲህ፣ ትንሽ ትንሽ ስታንሸራትቱት ግን ይለቃል። ነርቩም እንዲሁ ነው። በጀርባዬ ተኝቼ ጭኔን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ጉልበቴን ቀስ እያልኩ እዘረጋለሁ፣ ገና መሳብ ሲጀምር እመልሰዋለሁ። ይዞ መቆየት የለም። አሥር ጊዜ። ይህን የጀመርኩት እንኳ ዋናው ቁጣ ከበረደ በኋላ፣ በአራተኛው ሳምንት ነው። በኃይል መታሸትም እንደዚሁ። አንድ ሰው ወገቤን በክርኑ ሲያሸኝ ለጊዜው ደስ አለኝ፤ ያን ሌሊት ግን አልተኛሁም።

ሙቀትና ቅዝቃዜ? ሁለቱም ነርቩን አያድኑትም። የደረቀ ጡንቻ ግን ያላላሉ። እኔ ሙቀት ይስማማኛል። የሙቅ ውኃ ላስቲክ በፎጣ ጠቅልዬ ለ15 ደቂቃ ወገቤ ላይ። እግሩ የደነዘዘ ሰው እግሩ ላይ ሙቅ ነገር እንዳያደርግ፤ ሳይሰማው ይቃጠላል።

መድኃኒትን በተመለከተ ኢቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት ወስጃለሁ። ደም ግፊት ስላለብኝ ሐኪሙ አሳጠረልኝ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አይዋጥ። ለነርቭ ህመም የሚሰጠው ፕሪጋባሊንም ለዚህ ህመም መድኃኒት ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን የተሻለ ሆኖ እንዳልተገኘ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. የ2017 ነው። ጎረቤት የሰጠንን ክኒን መዋጥ ይቅርብን።

ማስነጠሱንም አሸነፍኩት። ሲመጣብኝ ተነስቼ እቆማለሁ፣ ጉልበቴን ለቀቅ አድርጌ ሁለት እጄን ግድግዳ ላይ እጭናለሁ፣ ወገቤን ቀና አደርጋለሁ። ተቀምጦና ጎብጦ ማስነጠስ ነው ዲስኩን የሚያፈነዳው የሚመስለው። ለሆድ ድርቀቱ ውኃ፣ አትክልት እና ጥራጥሬ አበዛሁ፤ ሽንት ቤት ውስጥ እግሬን ዝቅተኛ መርገጫ ላይ አደረግሁ። ማማጥ ቀረ።

በአምስተኛው ሳምንት ወደ ሥራ ተመለስኩ። እዚህ ላይ ነው ሕይወቴ የተለወጠው። ወንበሬን ከፍ አደረግሁት፤ ዳሌዬ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይላል። የጨርቅ ቁራጭ ጠቅልዬ ከወገቤ ጉድጓድ ጀርባ አስቀመጥኩ። መኪናውን ወደ እኔ ጠጋ አደረግሁ፣ ፔዳሉንም እግሬን ሳልዘረጋ እንድደርስበት። ከሁሉም በላይ ግን ከ20 ደቂቃ በላይ አልቀመጥም። የስልክ ደወል ሞክሬ ነበር፤ እያጠፋሁት ሥራዬን እቀጥላለሁ። ስለዚህ ሌላ መላ አመጣሁ። የታችኛው ክር ባለቀ ቁጥር እነሳለሁ። ክሩን ቆሜ እጠቀልላለሁ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አምስት ጊዜ ወደ ኋላ እለጠጣለሁ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። የወደቀ ነገር ለማንሳት ከወንበሩ እነሳለሁ፣ አንድ ጉልበቴን መሬት አስነካለሁ። ያቺን የማክሰኞ ክር እንዲህ ባነሳኋት ኖሮ።

በስድስተኛው ሳምንት የእግሬ ህመም አብዛኛው ለቀቀ። በ11ኛው ሳምንት በቀኝ እግሬ ጣቶች ጫፍ አሥር ጊዜ ከፍ ዝቅ አልኩ። ትንሿ ጣቴ እስካሁን በመጠኑ ትደነዝዛለች። መደንዘዝ መጨረሻ ላይ ነው የሚለቀው ተብያለሁ።

አንዳንዱ ሰው "ኤምአርአይ ሳትነሺ?" ይለኛል። የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየውን ያንን ፎቶ አልተነሳሁም። ቢያስፈልግ እነሳ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ጥናት ላይ ወገባቸውን ምንም የማያማቸውን 98 ሰዎች አንስተው 52 ከመቶዎቹ ላይ ያበጠ ዲስክ፣ 27 ከመቶዎቹ ላይ ደግሞ የሾለከ ዲስክ አግኝተዋል። ስለዚህ ፎቶው ላይ "ዲስክሽ ተንሸራቷል" የሚል ሲያይ ሰው ያለቀለት እንዳይመስለው። ቀዶ ሕክምናንም አልቃወምም። ለብዙ ሳምንታት ህመሙ አልበርድ ላለው ሰው ቶሎ ያሳርፈዋል። ዓመት ሲሞላ ግን ቀድመው በተቀደዱትና በጠበቁት መሐል ልዩነቱ ይጠባል። መቼም የማይጠበቅበት ሁኔታ ግን አለ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ዋናው እሱ ነው።

አብሮኝ የሚሠራ ጨርቅ ቆራጭ አለ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። እኔ ከመታመሜ ከሁለት ዓመት በፊት እሱም ወገቡን ታሞ ነበር። "ተኛ" ተባለ፣ ተኛ። አንድ ቅዳሜ ህመሙ በሁለቱም እግሮቹ ወረደ። እግሮቹ መሐል፣ ሰው ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ የሚነካው ቦታ ሁሉ ደነዘዘ። ሽንቱ ይመጣበታል፣ ሲቆም ግን አይወርድለትም። አፈረ። ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። የወገቡ ነገር ነው፣ ስተኛ ይለቀኛል ብሎ ሁለት ቀን ዋለ። ሰኞ ፍራሹ ረጥቦ ሚስቱ አየች። ያን ዕለት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዛሬ ይራመዳል፣ ይሠራል፣ መቀሱን እንደ ድሮው ይይዛል። ሽንቱን ግን እስከ ዛሬ በቀን አራት ጊዜ በቱቦ ነው የሚያወጣው። ይህን የነገረኝ እኔ ታምሜ ሊጠይቀኝ በመጣ ቀን ነው። ሌላ ሰው ከክፍሉ እስኪወጣ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እዚያ ቦታ ይሰማሻል?" አለኝ። ከባለሙያዋ ጥያቄ ጋር አንድ ነው።

ሐኪሞች ከአከርካሪው ጫፍ የሚወርደውን የነርቭ ጥቅል በላቲን የፈረስ ጭራ ይሉታል። እሱ ሲጨመቅ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። እግር መሐል ወይም በፊንጢጣ ዙሪያ መደንዘዝ፣ ሽንት አልወርድ ማለት ወይም ሳይታወቅ መምጣት፣ ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ የሁለቱም እግር መዛል፣ ድንገት የመጣ የወሲብ ስሜት ማጣት። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ነገ የለም። የእግሩ ፊት ወደ ላይ አልነሳ ብሎ ጣቱ መሬት የሚጎተትበትም ሰው ቀን አያሳልፍ። ከወገብ ህመም ጋር ትኩሳት ያለበት፣ ያለምክንያት የከሳ፣ ካንሰር ታሞ የሚያውቅ ወይም ወድቆ የተጎዳ ሰውም ቤት ውስጥ መሞከር የለበትም።

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ያንን "ከአልጋ አትነሱ" የሚል መስመር በሚቀጥለው እትማችሁ አርሙልን። ከሱ ጎን ደግሞ ከላይ የዘረዘርኳቸውን የአደጋ ምልክቶች ጉልህ አድርጋችሁ አትሙልን። "ሽንት" እና "ፊንጢጣ" የሚሉትን ቃላት አትሸፋፍኑብን፤ ጋሼ እንኳ ደብዳቤውን አንብቤለት ስሙ ካልተጻፈ እንደዚያው እንዳለ ይውጣ ብሎኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ልብስ ሰፊ